በዝምታ ስላገለገሉ ካህናት

የታሪክ ጸሓፊ ልማዱ የተናገረውን ሰው መፈለግ ነው። የነገሠውን፣ የዘመተውን፣ ደብር የተከለውን፣ በጉባኤ ተነሥቶ የተከራከረውን ሰው ስሙን ከነአባቱ ይጽፍለታል፤ ዝም ብሎ ያለፈው ግን ከብራናው ኅዳግ እንኳ ቦታ አያገኝም። ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያን ቆማ የኖረችው በተናጋሪዎች ብቻ አይደለም። በሌሊት ተነሥቶ ኪዳን የሚያደርሰው፣ ጧሪ የሌላትን አሮጊት ኑዛዜ የሚሰማው፣ ዘመድ ለሌለው ሬሳ በዝናብ ቆሞ ፍትሐት የሚያደርሰው ሰው ማን እንደ ነበረ ብትጠይቁ፣ ምእመናኑ «አባ እገሌ ነበሩ፤ ደግ ሰው ነበሩ» ከማለት በቀር የሚነግሯችሁ የላቸውም።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ከነዚህ ዝምተኞች መካከል ዝምታቸው እጥፍ ስለ ሆነባቸው ሰዎች ነው። ይኸውም ፍቅራቸው ወደ ራሳቸው ጾታ ያዘነበለ ሆኖ ሳለ፣ ወይም ወንድ ነህ ሴት ነሽ ተብለው በተጠሩበት ነገር ልባቸው አልረጋ ብሎ ሳለ፣ ይህን ሰውረው ቤተ ክርስቲያናቸውን አገልግለው ስላለፉ፣ ዛሬም ስለሚያገለግሉ ካህናት፣ መነኮሳትና መነኮሳይያት ነው። ነገሩ ለጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በአገራችን ስለዚህ ጕዳይ የሚሰማው ንግግር ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንደኛው ስድብ፣ ሁለተኛው ሹክሹክታ። በሁለቱም ውስጥ ታሪክ የለም።

ብዕሬን ያስነሣኝ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር አንድ ወጣት ዲያቆን ነው። መጽሐፍ ሊዋስ እየመጣ የምንጫወት ሰዎች ነን። አንድ ቀን የተዋሰውን መልሶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያሉ አገልጋዮች ከጥንትም ነበሩ ወይስ ሰው እንደሚለው ትናንት በፈረንጅ የመጡ ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ማን እንደ ጠየቀ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ነገር ግን ለጠየቀው ሰው መልሱ የንባብ ጕዳይ ብቻ እንዳልነበረ ከአቋቋሙ አይቻለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የቀኖና ፍርድ የሊቃውንትና የሲኖዶስ ነው፤ እኔ የቀለም ሰው እንጂ ባለ ሥልጣን አይደለሁም፤ ስለዚህ እዚያ ውስጥ አልገባም። የአገራችን ሕግም ምን እንደሚል የታወቀ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረገውን ግንኙነት በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርገውታል። በሕጉ የተጻፈውና በሕዝቡ አፍ ያለው ስያሜ «ግብረ ሰዶም» የሚለው ነው። እነርሱ ግን በአገራችን እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት የምሥጢር ቃል «ዜጋ» የሚል ነው። አገር እንደሌለው የሚቈጠር ሰው የአገር ልጅነትን ቃል ለራሱ ስም አድርጎ መምረጡ ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል።

ከአገራችን መጻሕፍት ለዚህ ነገር የሚቀርበው፣ ክርክርም ያስነሣው፣ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ይህን ገድል በ1672 እ.ኤ.አ. ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ በግዕዝ ጻፈው፤ ቅድስት ካረፈች 30 ዓመት መሆኑ ነው። ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1592 እ.ኤ.አ. ከከበረ ቤተ ሰብ ነው፤ አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባሉ ነበር። በወጣትነቷ ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት ተቀብሎ በሕዝቡ ላይ ሊጭን በተነሣ ጊዜ ባሏ ከንጉሡ ጋር ቆመ። እርሷ ግን ወርቋን፣ ቤቷንና ባሏን ጥላ ወጣች፤ ጠጕሯን ተላጭታ ቆብ ጫነች።

እዚህ ላይ ነው እኅተ ክርስቶስ የምትመጣው። እርሷም ባልና ልጅ ትታ የመነነች ነበረች። ሁለቱ እንዲገናኙ የደከሙት አባ ጽጌ ሃይማኖት የተባሉ መነኩሴ ናቸው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን በምናኔ ከምትንከራተት ባልንጀራ ይኑራት ብለው ነው። ገላውዴዎስ የመጀመሪያውን መተያየታቸውን ሲተርክ ብዕሩ ይሞቃል። ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በሁለቱም ልብ በአንድ ጊዜ እንደ ገባ፣ አስቀድመው እንደሚተዋወቁ ሰዎች እንደ ሆኑ፣ ከዚያም በኋላ ሞት እስኪለያቸው ድረስ አንድነታቸው እንዳልፈረሰ ይነግረናል። ገድል ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው በገድላት ውስጥ ተአምር ይበዛል፤ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደ ተዋደዱ በዚህ ዓይነት ቀርቦ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣባቸው መከራ ረዥም ነው። ንጉሡ ወለተ ጴጥሮስን በሸንጎ አቆማት፤ የኢየሱሳውያን መምህራን ሊያሳምኗት ደከሙ፤ እንቢ ስትል ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ተሰድዳ ሦስት ዓመት ተጋዘች። በሰይፍ ሳይሆን በእንቢታ የተዋጋች ሴት ናት። በ1632 እ.ኤ.አ. ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ሲለቅ፣ በጣና ዙሪያ ወንዶችና ሴቶች በአንድነት የሚተዳደሩባቸው ማኅበሮች በእርሷ አመራር እየበዙ ሄዱ፤ ገድሉ ሰባት ይቈጥራል። በ1642 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር በ50 ዓመቷ አረፈች። ማኅበሩን ተረክባ የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት፤ እስክታርፍ ድረስ፣ ማለት እስከ 1649 እ.ኤ.አ.። ከጣና በስተምሥራቅ ያለችው ቆራጣ የማኅበሩ መቀመጫ ሆና በቅድስቲቱ ስም እስከ ዛሬ ትጠራለች። እኅተ ክርስቶስን ግን የምናውቃት በባልንጀራዋ ገድል ውስጥ ነው።

ክርክሩ የተነሣው በዘመናችን ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ የግዕዙን ንባብ ያሳተመው በ1912 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ያን ጊዜ ጠብ አልነበረም። በ2015 እ.ኤ.አ. ግን በልጅነቷ በአገራችን የኖረችው አሜሪካዊት ዌንዲ ቤልቸር ከሚካኤል ክላይነር ጋር ሆና ገድሉን በእንግሊዝኛ አሳተመች፤ የሁለቱንም መነኮሳይያት ፍቅር ከምናኔ ባልንጀርነት ያለፈ ነው ብላ ጻፈች። ከዚህም ሌላ በገድሉ ውስጥ ወለተ ጴጥሮስ በአንድ ወቅት ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው በምኞት ሲተቃቀፉ አይታ ልቧ እንደ ተቃጠለ የሚናገር ክፍል አለ ስትል ተረጐመችው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቈጡ። ከሊቃውንቱም መካከል ይርጋ ገላው በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ትርጕሙ የተሳሳተ፣ የአገራችንንም ታሪክ በባዕድ ዓይን የሚያጣምም ነው ሲል ነቀፈው።

የኔ ፍርድ ምንድን ነው? ተቃዋሚዎቹ ትልቅ እውነት ይዘዋል። በምናኔ ቋንቋ ፍቅር እሳት ነው፤ ይነድዳል፣ ያሰክራል፣ ያስለቅሳል፤ ይህን ቋንቋ የዛሬ ሰው ስለ ትዳር በሚናገርበት ጆሮ መስማት አይገባም። ሁለት መነኮሳይያት አብረው መኖራቸውም ከጥንት የነበረ ሥርዓት ነው። በፍልሚያዋ በሃይማኖት የጸናችን ቅድስት እርሷ ባላወቀችው ስም መጥራት፣ ላልሰፋችው ልብስ ባለቤት ማድረግ ነው። እኔ አልጠራትም። ደግሞም የተከራከሩበት ክፍል በቤልቸር እንደ ተተረጐመ ቢቀበሉት እንኳ፣ ቅድስቲቱ በነዚያ ወጣቶች ላይ ያሳየችው ቍጣ እንጂ ርኅራኄ አይደለም፤ ስለዚህ ለዚያ ወገን ጠበቃ አትሆንም።

ዳሩ ግን ከተቈጡት ብዙዎቹ አንድ ቃል ጨመሩ። «እንዲህ ያለ ሰው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሮ አያውቅም» አሉ። ይህን የሚል መጽሐፍ ከየት አገኙ? ንባቡ ፈረንጆቹ እንዳሉት ከሆነ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ ፈረንጅ ሳያስተምረው፣ በሴቶች ገዳም ውስጥ እንደዚህ ያሉ ወጣቶች እንደ ነበሩ ሳይደነቅ ጽፎአል ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የወለተ ጴጥሮስ ጕዳይ አይደለም፤ እርሷ ገድልም፣ ደብርም፣ ኅዳር 17ም አላት። የሚያሳስቡኝ በዚያ ክፍል የተጠቀሱት፣ ስማቸው ያልተጻፈው ወጣቶች ናቸው። ውኃ ቀድተዋል፣ እህል ፈጭተዋል፣ ሰዓታት ቆመዋል፤ ከዚህ በላይ ምንም አይታወቅላቸውም።

አሁን ደግሞ ዝምታው በቤተ ክህነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት አንድ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ በቍርባን ያገባል፣ ወይ ይመነኵሳል። ቅስና ከተቀበለ በኋላ ጋብቻ የለም። ስለዚህ ምርጫው የሚመጣው ገና በለጋ ዕድሜው ነው፤ መምህሩም፣ እናቱም፣ የሰፈሩም ሰው «መቼ ነው የምትድረን?» እያሉ በሚጠይቁበት ጊዜ። ልቡ ወደ ሴት ላላዘነበለ ልጅ እነዚህ ሁለት በሮች ብቻ ይቀሩታል።

በመጀመሪያው በር ቢገባ ሚስት ይኖረዋል። ስለዚህች ሚስት የሚናገር ሰው አላየሁም። ለምን እንደማትወደድ ሳታውቅ፣ ጕድለቱ የራሷ መስሏት ዕድሜዋን የምትፈጅ ሴት አለች፤ የዝምታውን ግማሽ ዕዳ የምትከፍል እርሷ ናት። በሁለተኛው በር ቢገባ ደግሞ ቆብ ይሸፍነዋል። እዚህ ላይ እንዳታሳስቱብኝ አደራ እላለሁ፤ ወደ ገዳም የሚሄደው ሁሉ ከነገር የሸሸ ነው አላልሁም። እጅግ የሚበዙት እግዚአብሔርን ፈልገው ይሄዳሉ፤ ከነዚህ ከምናገርላቸውም ብዙዎቹ እንዲሁ። ድንግልናቸውንም ጠብቀው፣ ጾማቸውን ጾመው፣ አንዳች ሕግ ሳይተላለፉ የሚሞቱ አሉ። ነገር ግን ያልሠሩትን ሥራ ሳይሆን የሆኑትን ነገር ስለሚፈሩ፣ ለንስሓ አባታቸው እንኳ ሙሉ ቃል አይሰጡም። ሐሜት አንድ ጊዜ ከተነሣ ምስክር አይጠራም፤ ሰውየው ከአገልግሎት ይርቃል፤ የሃያ ዓመት ቅዳሴው በአንድ ሳምንት ወሬ ይሻራል።

በሰፈራችን በዘነበ ወርቅ በኩል ስታልፉ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉን ታዩታላችሁ። በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመ ቤት ነው፤ አለርት የሚባለው ድርጅት ደግሞ በዚያው ስፍራ በ1965 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። የሥጋ ደዌ ታማሚዎች አማላጃቸው የሚያደርጉት ጻድቁን ገብረ ክርስቶስን ነው። ታሪኩን ከእናቶቻችሁ ሰምታችኋል፤ የቍስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በሠርጉ ሌሊት ከቤቱ ወጣ፤ መልኩ ተለውጦ፣ በቍስል ተሸፍኖ፣ ለማኝ ሆኖ ተመለሰና በአባቱ ደጅ 15 ዓመት ተኛ። የአባቱ አገልጋዮች እጣቢ እየደፉበት፣ አባቱም በፊቱ እያለፈ፣ ማንነቱን ማንም አላወቀም። የታወቀው ከሞተ በኋላ በእጁ ጨብጦት የተገኘው ደብዳቤ ሲነበብ ነው።

ስለምነግራችሁ አገልጋዮች ባሰብሁ ቍጥር ይህ ገድል ይመጣብኛል፤ በአባታቸው ቤት ያሉ፣ በአባታቸው ቤት ግን ያልታወቁ ናቸውና። ልዩነቱን ግን አልሸሽግም። ገብረ ክርስቶስ ተሰውሮ ለመኖር ራሱ ጸለየ፤ እነርሱን የሰወራቸው ፍርሃት ነው። በትሕትና የተሰወረውንና በፍርሃት የተሰወረውን አንድ አድርጎ ማመስገን፣ ፍርሃቱን በላያቸው የጫነውን ሰው ነጻ መልቀቅ ይሆናል።

ነገሩ በአገራችን በአደባባይ የተነሣበት ጊዜም አለ። በ1959 እ.ኤ.አ. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሥሯ በከፊል ከስዊድን ነው፤ የስዊድን ወንጌላውያን መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1866 እ.ኤ.አ. ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያለችው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በክህነት እንዲያገለግሉ ፈቀደች፤ በዚያው ዓመት የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለመባረክ ወሰነች። መካነ ኢየሱስ መክራ መክራ በ2005 ዓ.ም. ከሁለቱም ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። እያንዳንዱ ወገን እንደ እምነቱ ወስኖአል፤ በዚህ የምፈርድ እኔ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ያን ያህል ስብሰባ፣ ያን ያህል ደብዳቤ ሲጻጻፍ፣ ሁሉም ስለ እነርሱ ተናገረ፤ በዚህ አገር ካሉት ከእነርሱ መካከል ግን ተነሥቶ ስለ ራሱ የተናገረ አልተሰማም። በዚያን ጊዜ ቆጠራው ከስድስት ሚሊዮን ባለፈ ምእመን መካከል፣ ከሚሰብኩት፣ ከሚዘምሩት፣ ወንጌል ይዘው ገጠር ከሚዞሩት ውስጥ፣ ስለ ራሱ የሚባለውን እየሰማ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ አንድም አልነበረም የሚል ካለ፣ ሰውን አያውቅም።

ኮልፌም በዚህ ታሪክ ውስጥ በሩቅ ትገባለች። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ወታደራዊ ትምህርት የተማረው በዚሁ በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር ነው። እርሱ ፕሬዚዳንት በሆነበት ዘመን፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የደቡብ አፍሪቃ ሕገ መንግሥት ሰው በዚህ ጠባዩ ምክንያት እንዳይበደል በግልጽ ከለከለ። ሆኖም የመንግሥት ሕግና የቤተ ክርስቲያን ሕግ አይገናኙም። የሊቀ ጳጳሱ የዴዝሞንድ ቱቱ ልጅ ምፎ ቱቱ የአንግሊካን ቄስ ነበረች፤ በ2015 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴት አገባች። በሚቀጥለው ዓመት በደቡብ አፍሪቃ የማገልገል ፈቃዷን መለሰች። ዝም ብትል ኖሮ እስከ ዛሬ ትቀድስ ነበር። በየአገሩ ያሉ ዝምተኞች ይህን ሒሳብ ጠንቅቀው ያውቁታል።

እንግዲህ «ማንን እናክብር?» ብትሉኝ ከአገራችን ስም አልጠራላችሁም። ሕያዋኑን አጋልጬ ላከብራቸው አልችልም፤ ማጋለጥ ማክበር አይደለምና። ሙታኑንም ያለ ማስረጃ አልሰይማቸውም። ስለዚህ ዝምታቸው ከሞቱ በኋላ ስለ ተፈታላቸው ሁለት የሌላ አገር ሰዎች ልንገራችሁ።

ማይክል ጀጅ በ1933 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከአየርላንድ ስደተኞች ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ እናቱን ለመርዳት በባቡር ጣቢያ ጫማ ጠርጎአል። በ15 ዓመቱ ወደ ፍራንቸስካውያን ማኅበር ገባ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ካህን ሆነ። ለመጠጥ ተገዝቶ ነበር፤ ከመጠጥም ወጣ፤ ስለዚህ የወደቀ ሰው አይጸየፍም ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤድስ ሰውን በሚያስደነግጥበት ጊዜ፣ የገዛ ቤተ ሰባቸው ሊነካቸው የሚፈራውን ሕሙማን እግራቸውን በእጁ እየዳሰሰ አጽናና። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች የነፍስ አባት ሆነ። እሳት በተነሣ ቍጥር አብሮአቸው ይሄድ ነበር።

መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ሕንጻዎች በተመቱ ጊዜም አብሮአቸው ሄደ። በሰሜናዊው ሕንጻ ምድር ቤት ቆሞ ሲጸልይ ደቡባዊው ተንዶ ፍርስራሹ ገደለው። አምስት ሰዎች በወንበር ተሸክመው ሲያወጡት የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ታየ፤ በሟቾች መዝገብም ቍጥር 0001 ሆኖ ተጻፈ። ከቀብሩ በኋላ ወዳጆቹ ልቡ ወደ ወንዶች ያዘነበለ ሰው እንደ ነበረና ይህንንም ለጥቂት ሰዎች ነግሯቸው እንደ ነበረ ተናገሩ፤ የእሳት አደጋው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቶማስ ቮን ኤሰንም ከነገራቸው አንዱ ነበር። እስከ ዛሬ ይህን የማይቀበሉ ወዳጆች አሉት። በመንኵስናው ቃል ግን ጸንቶ ኖሮአል። ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሁሉ ያልነገራቸው እንዳይጠሉት ፈርቶ ይሁን፣ በእርሱ ምክንያት ኑዛዜ እንዳያቆሙ አስቦ ይሁን፣ እያንዳንዳችሁ ገምቱ። በ2002 እ.ኤ.አ. በስሙ የተጠራ ሕግ በአሜሪካ ወጣ፤ በሥራ ላይ የሞተ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም የነፍስ አባት ካሣው ሚስት፣ ልጅ ወይም ወላጅ ባይኖረውም እርሱ በመድን ውሉ ለሰየመው ሰው እንዲከፈል የሚያዝዝ ነው። ስማቸው ያልታወቀ ባልንጀሮችም በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ሊገቡ ይችላሉ።

ሁለተኛዋ ፖሊ ሙሬይ ናት። በ1910 እ.ኤ.አ. የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጠበቃ፣ ባለ ቅኔ፣ በጋና የሕግ ትምህርት ቤትም ያስተማረች ሴት ናት። ለሕዝቧ መብት የደከመችው ድካም ለብቻው መጽሐፍ ይፈልጋል። አይሪን ባርሎ የምትባል ባልንጀራ ነበረቻት፤ በአደባባይ ከወዳጅነት ያለፈ ስም ሰጥታት አታውቅም። ባርሎ በ1973 እ.ኤ.አ. ስትሞት ሙሬይ ሌላውን ሥራ ትታ ወደ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ገባች። በጥር ወር 1977 እ.ኤ.አ. በኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆና ተሾመች፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት፤ ዕድሜዋ 66 ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በቻፕል ሂል ከተማ የመጀመሪያውን ቍርባን አቀበለች። ያች ቤተ ክርስቲያን አያቷ ኮርኔልያ በባርነት ሳለች የተጠመቀችባት ናት። ሙሬይ ወንጌሉን ያነበበችው ከአያቷ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ መጽሐፉ ያረፈበት አትሮንስ ደግሞ ለአያቷ እመቤት መታሰቢያ የተሰጠ ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. አረፈች። ቤተ ክርስቲያኗ በኋላ መታሰቢያዋን በቀን መቍጠሪያዋ ጻፈች። ወረቀቶቿን በሕይወት ሳለች ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ታሪክ ቤተ መጻሕፍት አውርሳ ነበርና፣ ከመቶ የሚበልጡትን ሣጥኖች ተመራማሪዎች እየከፈቱ ማንበብ ጀመሩ። በውስጣቸው ገና ወጣት ሳለች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች የጻፈቻቸው፣ «ከውስጤ ወንድ ነኝን?» ብላ የጠየቀችባቸው ወረቀቶች ተገኙ። ልትቀድዳቸው ስትችል፣ በየተራቸው አዘጋጅታ ከሌሎቹ ጋር አኑራቸው ነበር።